የጋሽ ያረጋል ሰማያዊ ዱቄት

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ ለሙሀመድሰይድ፤ ሰላምታዬ ካለህበት ከጆሃንስበርግ ድረስ ይድረስህ። እንደምን አለህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በገባ ቁጥር የሚይዝህ የወገብ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ሳጥን ስታነሳ ይወጋሃል? ባለቤትህ አሚኔስ ደህና ናት? ልጃችሁስ መራመድ ጀመረ? ሱቁስ ሰላም ነው? እዚያ አገር ሱቅ ተዘረፈ የሚል ወሬ በሰማን ቁጥር እማማ መስገጃዋን አንጥፋ ትቀመጣለች፤ ምግብ እንኳ አይወርድላትም። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማማም፣ ትንሿ እህትህ መሕቡባም፣ እኔም ደህና ነን። አባባም ደህና ነው ብዬ ልጽፍልህ ብል ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩትም በእሱ ነገር ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትለኝ። የቤታችንን ስልክ ታውቀዋለህ፤ ያንተ ስም ከታየበት አባባ ከእጄ ይነጥቀኛል፣ መንደሩን ሁሉ የሚያሰማ ድምፅ አውጥቶ ያናግርሃል፣ የእኔ ተራ ሲደርስ መስመሩ ይቆረጣል። ደግሞ ስለ እሱ የምነግርህን እሱ ፊት አላወራውም። አጭር መልእክት እንዳልልክልህ ነገሩ ረጅም ነው፤ ጣቴም ከስፌት መኪናዬ በቀር ሌላ ላይ አይፈጥንም። ደረጄ ከእናንተው ዘንድ ለመስቀል መጥቶ ነበርና ሊመለስ ነው፤ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። እማማ ሚጥሚጣና ቅቤ አስይዛዋለች። አውቅሃለሁ፣ እጅህ መጀመሪያ ወደ ቅቤው ነው የሚሄደው፤ እባክህ መጀመሪያ ይህን አንብብ።

አንተ ከአገር ስትወጣ አባባ ቤት የሚቀባው በኖራና በክሬም ቀለም ነበር። ሰማያዊውን በደንብ የያዘው ኋላ ነው፣ ጋሽ ያረጋል ያንን ዱቄት ማምጣት ሲጀምሩ። ጋሽ ያረጋልን መቼም አትረሳቸውም፤ ከጎጃም መጥተው፣ ቡታጅራ አግብተው ወልደው የቀሩት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ሚስማርና ቀለም የሚሸጡት የአባባ ጓደኛ ናቸው። ዱቄቱ ሲያዩት ጥቁር ሊባል ምንም አልቀረው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ግን እንደ መዳብ ብልጭ ይላል። ጋሽ ያረጋል እንደሚሉት ይህ እንደ ድሮው ከአፈርና ከድንጋይ ተፈጭቶ የሚወጣ አይደለም፤ ፋብሪካ ውስጥ ከነዳጅ ዘር ተቀምሞ የሚሠራ ነው። ፀሐይ አያደበዝዘውም፣ ኖራ አይበላውም። ጉልበቱ ደግሞ አይጣል ነው፤ የማንኪያ ጫፍ ባልዲ ሙሉ ነጭ ቀለም ይለውጣል። አንድ ቀን የአባባ ሸሚዝ ከሌላ ልብስ ጋር ተዘፍዝፎ የእማማ ነጠላ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

አባባ ይህን ዱቄት ሲያገኝ እንደገና ወጣት ሆነ። ዱቄቱ ከውሃ ጋር አይስማማም፤ ዝም ብለው ከበተኑት ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። አባባ በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና አሽቶ እንደ ድልህ ካደረገው በኋላ ነው ነጩ ቀለም ውስጥ የሚጨምረው። ልክ የለውም፤ ልኩ ዓይኑ ነው። ሚዛን ለቅመም ነጋዴ ነው እያለ ይቀልዳል። ክንዱ ላይ ቀባ አድርጎ ደጅ ይወጣል፣ በፀሐይ ያየዋል፣ ጥቂት ይጨምርበታል፣ ተመልሶ ያየዋል። እንዲህ እያደረገ ያወጣው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ከቡታጅራ አልፎ እንሴኖና ቆሼ ድረስ ታወቀ። ሰው ቤቱን ሊያስቀባ ሲመጣ በአባባ ስም የከድሮን ሰማያዊ ነው የሚለው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። ይህን ሲሰማ አባባ ያልሰማ መስሎ ብሩሹን ያጥባል፤ ፊቱን ብታየው ግን ሙሽራ ነው የሚመስለው።

ሁለት ዓመት ይሆናል ያ ሰማያዊ መክረር ከጀመረ። መጀመሪያ ልብ ያልኩት ጎረቤታችን ያስቀቡት ግድግዳ ላይ ነው፤ ከረር ያለ መሰለኝ፣ የሰው ምርጫ ነው ብዬ አለፍኩ። ቀጥሎ የተቀባው ቤት ከዚያ ባሰ። ከዚያ የእኛን በር ቀባው፤ ጉድ ነው፣ የፖሊስ ጣቢያ በር ይመስላል። አባባ ግን ራቅ ብሎ ቆሞ አንገቱን ዘንበል እያደረገ አየውና ልስልስ ያለ ነው፣ ዓይን አያደክምም አለ። እማማን አየኋት፤ እሷ ደግሞ መሬት መሬት ታያለች።

የኮፍያውን ነገር ብትሰማ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። ለጁምዓ የሚያደርጋት ነጭ ኮፍያ ቢጫ ሆነች ብሎ እማማን ያዛት። አጠበችለት፤ አልነጣችም አለ። ነጭ ልብስ የሚያደምቀውን ሰማያዊ ጠብ አድርጋ ዘፈዘፈቻት፤ አሁንም ቢጫ ናት አለ። ጨመረችበት፣ ጨመረችበት፣ በመጨረሻ ኮፍያዋ ቁርጥ የተማሪ ሸሚዝ መሰለች። ያኔ ነው አባባ አሁን ገና ነጣች፣ አላህ እጅሽን ይባርከው ብሎ ደፍቷት መስጊድ የሄደው። እኔና መሕቡባ ትራስ ነክሰን ሳቅን። እማማ አልሳቀችም። ነገሩ የገባት ከእኔ ቀድሞ ነው።

እኔ የገባኝ በክር ነው። የተማሪዎች ዩኒፎርም ስሰፋ አባባን ጥቁር ሰማያዊውን ክር አቀብለኝ ስለው ጥቁሩን ያቀብለኛል። አይ፣ ሌላውን ስለው ደግሞ ቀልዴን መስሎት ይስቃል። አባባ፣ ዓይንህን ለምን አትታይም አልኩት። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ከስንት አገር ሰው የሚመጣበት የዓይን ሆስፒታል አለ፤ በእግር ይደረሳል። ተቆጣኝ። መነጽሩን ከጣለ ቆይቷል እኮ! መርፌዬ ውስጥ ክር የሚያስገባልኝ እንኳ እሱ ነው፤ ቁርኣኑንም ያለ መነጽር ይቀራል። የደከመው የናንተ ዓይን ነው፣ የእኔ ወደ ልጅነቱ ተመልሷል አለኝ። በገዛ መርፌዬ ረታኝ።

ነገሩ የፈነዳው በፈቲሀ ቤት ነው። ፈቲሀ እንሴኖ ገበያ ላይ በርበሬ የምትነግድ ሴት ናት፤ ልጇን ከአረፋ በኋላ ልትድር የእንግዳ ክፍሏን የከድሮ ሰማያዊ ይቀባልኝ ብላ አባባን አስጠራችው። ዱሮ ዘመዷ ቤት አይታው ልቧ ቀርቶ ነበር። አባባ እዚያው አድሮ ቀባና ደስ ብሎት ተመለሰ። በማግስቱ ፈቲሀ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደርሳ ደጃችን ቆመች። እሷ እንደ ቡታጅራ ሰው ነገር አትጠቀልልም። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ ሰማይ ቀባልኝ አልኩህ እንጂ ሌሊት ቀባልኝ አልኩህ ወይ አለችው። አባባ ልቡ ቆስሎ አብሯት ሄደ። ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ለእሱም ጠቁሮ፣ ቆሽሾ ታየው። ደጅ በፀሐይ ሲበጠብጠው ልክ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሲያየው ሌላ ሆኗል። እኔ ስቀባው እንዲህ አልነበረም፣ ሲደርቅ ነው የተለወጠው፣ ዱቄቱ ውስጥ አንድ ነገር ገብቷል አለ። ዱቄቱ ደግሞ ከጋሽ ያረጋል ሱቅ ነው።

ወንድሜ፣ ሰው የገዛ እጁን ከሚጠረጥር ወዳጁን ቢጠረጥር ይቀለዋል። አባባ ከእንሴኖ ሲመለስ ቤት እንኳ አልገባም፤ በቀጥታ ጋሽ ያረጋል ሱቅ ሄዶ ዱቄቱን በርካሽ ነገር ቀላቅለህ ስሜን አጠፋህ አላቸው። ደንበኛ ሁሉ ሰማ። ጋሽ ያረጋል ከዚያው ቆርቆሮ ነው የቀዳሁልህ ከማለት በቀር አልመለሱለትም። ስንት ዘመን አንድ ላይ የሳቁ ሰዎች በመንገድ ሲተላለፉ ሰላም መባባል ተዉ።

በነሐሴ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ነበሩበት። የሁለቱን ቃል ሰሙና ጋሽ ያረጋልን ምንም አልቀላቀልኩም ብለህ ማል አሏቸው። መሐላ በእኛ አገር ምን እንደሆነ መቼም አልነግርህም፤ እውነቱን የያዘ ሰው እንኳ ይሸሸዋል፣ በልጅ ይደርሳል ይባላልና። ጋሽ ያረጋልም ወልቂጤ ያገባችው ልጃቸው ማዕዶት የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ ገብቶ ነበር። ልጄ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች አልምልም ብለው ተነሡ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ምንም አልፈረዱም፤ የፈረደው ገበያው ነው። አልማለም ተባለ፤ አልማለም ማለት ደግሞ በደለ ማለት ሆነ። ቀለም ቀቢው ሁሉ ወደ ሌላ ሱቅ ዞረ። ባለፍኩ ቁጥር ጋሽ ያረጋል በባዶ ሱቅ በር ላይ ጋዜጣ ዘርግተው አያለሁ፤ አንድ ገጽ ላይ ነው የሚውሉት።

እማማን ለብቻዋ ይዤ፣ ችግሩ ከዱቄቱ አይደለም፣ ከአባባ ዓይን ነው፣ አንቺም ታውቂያለሽ አልኳት። ክንዴን ጨብጣ ይዛ፣ የአባትሽን ዓይን አደባባይ ልታወጪው ነው? ሰውየው ከዓይኑ በቀር ምን አለው? ዝም በይ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አለችኝ። እያደር ይጠራል! ይህ ግን እያደር የሚከር ነገር ነው። እንዲያም ሆኖ ዝም አልኩ። ከአባቴ ውርደትና ከሰው አባት ውርደት የሰው አባቱን መረጥኩ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ አቀርቅሬ እውል ነበር፤ ቀና ብዬ አባባን ማየት ነበር የፈራሁት።

መስቀል መጣ። ጋሽ ያረጋል በየመስቀሉ ለእኛ ብለው በግ በእስላም እጅ አሳርደው እንደሚልኩ፣ እኛም ለአረፋ የእነሱን በግ በቁሙ እንደምንሰድ ታስታውሳለህ። ላለፈው አረፋ ሰደናል፤ የፈቲሀ ጉድ ገና አልመጣም ነበር። ለመስቀል ግን አይልኩም ብለን ነበር። ላኩ። የእስላም ሥጋ ነው፣ ያረደውም የሠፈራችሁ ሰው ነው ብለው ከነስሙ ላኩ። አባባ አየውና መልሱለት አለ። እማማ አለቀሰች፤ አልሰማትም። ሥጋውን ተሸክሜ የሄድኩት እኔ ነኝ። በመስቀል ቀን፣ ሰው ሁሉ እየበላና እየዘፈነ፣ የሰው ስጦታ ተሸክሞ መመለስ ምን እንደሚመስል ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ ብዬ ልተወው።

ጋሽ ያረጋል አልተቆጡም። ሳህኑን ተቀብለው ለሚስታቸው ሰጡና አስቀመጡኝ፤ የአባትሽ ዓይን እንዴት ነው አሉኝ። ለካ እሳቸው ካወቁ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አንድ ቀን አባባ ለበር የሚሆን አረንጓዴ ዘይት ቀለም ሊገዛ ሱቃቸው ገብቶ ሰማያዊውን ጣሳ አንሥቶ ይዞ ሊወጣ ሲል እሳቸው ምንም ሳይናገሩ በአረንጓዴው ለወጡለት። ከዚያ ወዲህ እጁን ሳይሰድ ቀድመው ያቀብሉት ነበር። ታዲያ ለሽማግሌዎቹ ለምን አልነገሩም አልኳቸው። ብምልላቸው ቀጥሎ የሚጠይቁት ቀለሙ ታዲያ ከምን ከረረ የሚለውን ነው፣ ያኔ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው የከድሮን ዓይን ነው አሉኝ። ማዕዶትን ምክንያት ያደረጉት ለዚያ ነው። እኔ ሚስማርም ቆርቆሮም እሸጣለሁ፤ እሱ ያለ ሰማያዊ ምን አለው አሉ። ሱቁን ዘግተው ወልቂጤ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ማሰባቸውንም ነገሩኝ። ይህን ለአባትሽ አትንገሪ ሲሉኝ ቃል አልሰጠኋቸውም። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ወጣሁ፤ በመንገድ ላይ የማለቅሰውን ሰው የመስቀል መጠጥ ነው ብሎት ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት አባባን ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አገኘሁት። ከምሰፋው አዲስ ነጭ ጨርቅ አመጣሁ፣ ኮፍያውንም አጠገቡ አስቀመጥኩ፤ አባባ፣ ከእነዚህ ነጩ የቱ ነው አልኩት። ሳያመነታ ኮፍያውን አሳየኝ። ጨርቁ ቢጫ ነው፣ ነጋዴው ሸውዶሻል አለኝ፤ አዘነልኝም። አባባ፣ ኮፍያህ ሰማያዊ ናት፣ እማማ ናት ያቀለመቻት አልኩት። ሳቀብኝ። ሳቁን ሳይጨርስ እማማን ጠራትና ነጩ የቱ ነው አላት። እማማ ደፋ ብላ አለቀሰች። አባባ መልሱን አገኘ። ዓይኖቹን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። የጋሽ ያረጋልን ነገር ያን ጊዜ ነው የነገርኩት፣ ስለ ጣሳውም፣ ስለ መሐላውም፣ ወልቂጤ ስለ መሄዳቸውም። ማቆም አልቻልኩም፤ እንደተቀደደ ጆንያ ሁሉንም አፈሰስኩት።

አባባ ተነሥቶ ወጣ። የገበያ ቀን ነበር። ተከተልኩት፤ ግቢ አላለኝም፣ ነይም አላለኝም። ጋሽ ያረጋል ሱቅ ገባና ከመደርደሪያው ላይ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እያወረደ ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው። ሰው ጠብ ሊነሣ ነው ብሎ ተሰበሰበ። አባባ አንዱን ጣሳ ከፍቶ ብድግ አደረገና፣ ያረጋል፣ ይህ ምን ቀለም ነው አለ። ጋሽ ያረጋል ተወው ከድሮ፣ ግባና ተቀመጥ አሉት። ንገረኝ አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አረንጓዴ ነው አሉት። ይህስ? ሰማያዊ። ይህስ? ጥቁር። እንዲህ እያለ ሁሉንም ጠየቃቸው፤ እሳቸውም እያንዳንዱን ለጆሮው ያህል ብቻ ቀስ ብለው መለሱለት። ከዚያ አባባ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ አይታችኋል፣ ዱቄቱ ደህና ነው፣ ሰውየውም ደህና ሰው ነው፣ የጠፋው የእኔ ዓይን ነው አለ። ጋሽ ያረጋል ሱቃቸውን ዘጉና የአባባን ክንድ ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ። መንገዱን ሁሉ የተጨቃጨቁት ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ ይራመድ በሚል ነው።

ሐኪሟ የዓይን ሞራ ነው አለች። የዓይኑ መስታወት ከዕድሜ ብዛት ሻይ እንደቆየበት ብርጭቆ ቢጫ ሆኗል፤ በዚያ ውስጥ ነጭ ነገር ቢጫ፣ ሰማያዊ ደግሞ የደከመ ሆኖ ይታየዋል፤ ስለዚህ ነው ሰማያዊ ጨምሮ ጨምሮ የማይረካው አለችን። መነጽር ያስጣለውም ልጅነት ሳይሆን ያው ሞራው ነው። ይነሣል፣ አይዟችሁ አለች። በጥቅምት መጀመሪያ የቀኝ ዓይኑ ተሠራ። አልሐምዱሊላህ፣ እጇ የተባረከ ነው። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ አጠገቡ ነበርኩ። መጀመሪያ የሐኪሟን ጋውን አየና እንዴት ይነጣል አለ። ቀጥሎ በመስኮቱ ሰማዩን አየ። ብዙ ቆየበት።

እኔ ሞኟ ጭንቁ አለፈ ብዬ ነበር። ባጃጅ ይዘን ወደ ቤት ስንመለስ፣ ገና ከአስፋልቱ ስንገባ አባባ ሹፌሩን አቁም አለው። አንድ አጥር ላይ ዓይኑን ተክሎ፣ ይህን ማን ነው የቀባው አለኝ። አንተ ነህ አልኩት። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ አቁም አለ። ይህንንስ? አንተ። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ መጠየቁን ተወ። የእኛ በር ጋ ወርዶ በመዳፉ ዳሰሰው፣ ትኩስ ነገር እንደሚነካ ሰው። የስንቱን ቤት አበላሸሁ አለ፤ ይህ ሁሉ ሰው አይቶ ዝም አለኝ?

እውነት ነው፣ ዝም ብለውታል። ከፈቲሀ በቀር አንድም ሰው አልተናገረውም። ሠርጋቸውን በዚያ ጥቁር ሰማያዊ ውስጥ የደገሱ አሉ፣ ልጅ የወለዱበት አሉ፤ ቡናቸውን እየጠጡ እጅህ ይባረክ ብለው ሸኝተውታል። አባባ፣ አክብረውህ ነው፣ ወደውህ ነው አልኩት። የለም፣ በቁሜ ለቅሶ ተቀምጠውልኛል አለኝ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። በዚያ አዲስ ዓይኑ አየኝ። እሺ፣ እኔ አላየሁም፤ አንቺስ አለኝ።

ብናገር ይሰበራል ብዬ ነበር የፈራሁት። የተሰበረው ዝም በማለቴ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ እኔን አያናግረኝም፤ እማማንም ለምግብ ካልሆነ አይጠራትም። አይቆጣም፣ ቢቆጣ እንዴት በወደድኩ። ጠዋት ጠዋት ይወጣና የቀባቸውን ቤቶች እየዞረ ባለቤቶቹን ለምን አልነገራችሁኝም እያለ ይጠይቃል። ሰዎቹ ይሳቀቃሉ፤ እኛ እኮ ወደነዋል ይሉታል፤ ያን ሲሉት ደግሞ ይባስ ፊቱ ይጠቁራል። አንድ ቀን ወደ እንሴኖ ሄዶ ፈቲሀን አመሰገናት አሉ። የምትገባበት ጠፋት፤ ምሳ አቅርባለት በላ። ከሰው ቤት እህል የቀመሰው እዚያ ብቻ ነው። ብሩሹን አልነካም። የግራ ዓይኑ ደግሞ ቀጠሮ ተይዞለታል፤ ይሄድ እንደሆነ እንኳ አላውቅም፣ አንዱም በዝቶብኛል ብሎ ለጋሽ ያረጋል ነግሯቸዋል።

አሁን ለምን እንደጻፍኩልህ ልንገርህ። ባለፈው ዓመት አባባ ስልኩን ወደ በራችን አዙሮ በምስል አሳይቶህ ነበር፤ አንተም ማሻአላህ፣ እንዴት ያምራል ብለኸው ነበር። አጠገቡ ቆሜ ሰምቼሃለሁ። ከዚያ በፊት ግን ድምፅህ ቆም ብሎ ነበር፤ ያን ቆም ማለትህን እኔ አልረሳሁትም፣ አሁን ደግሞ እሱም አስታውሶታል። በሚቀጥለው ስትደውል ይጠይቅሃል። የስልኩ ምስል ነው፣ አልታየኝም ነበር ትለው ይሆናል፤ ነገሩ ቀላል ነው፣ እሱም ያምንህ ይሆናል። እባክህ ወንድሜ፣ አታባብለው። አይተህ እንደሆነ አይቻለሁ በለው። ከልጆቹ አንዱ እንኳ እውነቱን ይንገረው፤ እኔን ባያናግረኝ አንተን ያናግር።

በል እንግዲህ፣ ወረቀቱም አለቀ፤ ደረጄም ደጅ ቆሞ መኪና አመለጠኝ እያለ ነው። አሚኔን ሳምልኝ፤ የላከችልኝ ጨርቅ ለአረፋ ቀሚስ ሆኗል፣ ሰው ሁሉ ከየት ነው ብሎኛል። ልጁን ጉንጩን ነክሰህ ሳምልኝ፤ አክስትህ ሳሌሃ ናት በለው፣ ባይገባውም በለው። እማማ ዱዓዋ ከአንተ አይለይም፣ ብርድ ልብስ ደርብ ትልሃለች። መሕቡባ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ወጥታለች፣ ንገሪው ብላኛለች። ጋሽ ያረጋል ሱቃቸውን ከፍተዋል፣ ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ ማዕዶትም በሰላም ተገላግላ የሴት ልጅ እናት ሆናለች። አባባም ሰላም ብሎሃል። ሰላምታውን የነገረው ለመሕቡባ ነው፤ መሕቡባ ለእኔ ነገረችኝ፣ እኔ ጻፍኩልህ።

እህትህ ሳሌሃ ከድሮ
ቡታጅራ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.